የምትፈራኝን ውሻ ልመልሳት ወይስ ላቆያት?

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበቱ? በዓምድዎ ላይ የማነበው የትዳርና የልጅ ጉዳይ ስለሆነ ስለ ውሻ ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። ነገሩ ግን ከውሻ አልፎ ቤቴን ማወክ ሲጀምር ጻፍኩ።

የምኖረው ኮተቤ ነው። ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችንና አማቴ አብረን ነን። ከአራት ወር በፊት፣ በሰፈራችን የተጎዱ ውሾችን እያነሳ የሚያሳክም አንድ ወጣት «ቋሚ ሰው እስካገኝላት ትንሽ ጊዜ አቆዪልኝ» ብሎ አንዲት ዳማ መልክ ያላት ሴት ውሻ አመጣልኝ። መንገድ ዳር ነው ያገኛት፤ አንገቷ ላይ ሽቦ የቆረጠው ቁስል ነበራት። ልጄ በመልኳ «ዳማ» አላት። ቁስሏን እያጠብኩ አዳንኩት።

ፍርሃቷ ግን አልዳነም። ቀኑን ሙሉ ከሮቶው ጀርባ ተወሽቃ ነው የምትውለው። የምትበላው ሁላችንም ገብተን በር ከዘጋን በኋላ ነው። መጥረጊያ ሳነሳ ሽንቷ ያመልጣታል። ባለቤቴ ሲመጣ መሬት ለመሬት እየተሳበች ትሸሻለች። እኔ በፍቅር ላሸንፋት ብዬ በየቀኑ የተደበቀችበት ድረስ እየገባሁ እዳብሳታለሁ። ስነካት ድርቅ ብላ ትቀመጣለች እንጂ ነክሳኝ አታውቅም፤ ስለዚህ እየለመደችኝ ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ መጥቶ «እንዲህ ዓይነቷ በግድ ነው የምትለምደው» አለና በገመድ ጎትቶ መሀል ግቢ አውጥቶ ሲደባብሳት ዋለ። ዝም አለችው። እሑድ ጠዋት ልጄ ከሮቶው ሥር የገባች ኳሱን ሊያወጣ ሲያጎነብስ ግን ዘላ የሹራቡን እጅጌ ነከሰችው። ጨርቁ ተቀደደ፤ ቆዳው አልተነካም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «ትውጣልኝ» ብሏል። እሱ ልጅ ሳለ ውሻ ነክሶት ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ የከረመ ሰው ነው። አማቴ ደግሞ «ውሻ የበር ነው፤ በሰንሰለት በሩ ላይ እሰሪያት፣ ልብ ትገዛለች» ይላሉ። ልጄ እንዳትሄድበት ያለቅሳል። ያመጣት ወጣትም የሚወስዳት ሰው አላገኘም። ብለቃት መኪና ወይ መርዝ ነው የሚጠብቃት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ይህን ያህል ጊዜ ደክሜላት ዛሬም የምትሸሸኝ መሆኗ ያስከፋኛል። ምን ጎደለብኝ? ልመልሳት ወይስ ላቆያት?

የጨነቃት እናት፣ ከኮተቤ

መልስ፦

እህቴ፣

ስለ ውሻ ነው ብለሽ ማመንታት አልነበረብሽም። በአንድ ግቢ ውስጥ ባል ፈርቶ፣ ልጅ አልቅሶ፣ አማት ተቆጥተው፣ አንቺ መሀል ቆመሽ ሁሉንም ለማስማማት የምትለፊበት ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የማንም ያልሆነች ውሻ ቁስል አጥበሽ አድነሽ «ምን ጎደለብኝ?» ስትዪም መልሱን ወደ መጨረሻ ማቆየት አልወድም። በፍቅር በኩል የጎደለብሽ ነገር አይታየኝም። ዳማ እስካሁን ያላገኘችው እምቢ የማለት ዕድል ነው፤ ሰው ሲመጣባት የምትሄድበት፣ ከሄደችም በኋላ ማንም የማይከተላት ቦታ የላትም። ወደዚህ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የሹራቡ ነገር።

ቆዳው አለመነካቱን በደንብ አይተሻል? በቀን ብርሃን፣ ክንዱን አዙረሽ? ጭረት የምታህል ምልክት ካለች ወይም ከተጠራጠርሽ ዛሬውኑ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና የሆነውን ለሐኪሙ ንገሪው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው ከሱ አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው በሽታው የሚይዘው ከውሻ ነው። ስለዚህ ዳማ ኖረችም ሄደችም ቤተሰባችሁ ይህን ይወቅ፦ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይኬዳል። 15 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ሲታጠብ በጣም ይረዝማል፤ ሰዓት እያየሽ ጨርሺው። ቡና መነስነስ፣ የባህል መድኃኒት እየጠጡ መጠበቅ ብዙ ቤት አስለቅሷል። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታይቶ ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ሰዎች ግን ይህን ሲሰሙ አሥሩን ቀን ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ልክ አይደለም፤ ክትባቱ መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በደብዳቤሽ ዳማ ራሷ መከተቧን አልጻፍሽልኝም። ያመጣት ወጣት ሲያሳክማት አስከትቧት ሊሆን ስለሚችል የክትባት ካርድ እንዳላት ጠይቂው። ከሌላት የዚህ ሳምንት የመጀመሪያ ሥራሽ ይኸው ነው። ከሮቶው ጀርባ የማትወጣን ውሻ ታክሲ ላይ መጫን ለእሷም ለአንቺም ፈተና ነውና የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ እንዲመጣልሽ ጠይቂ፤ የሚመጡ አሉ። በክፍለ ከተማችሁ ያለው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም የውሻ ክትባት የሚሰጥበት ጊዜ ካለው ብትጠይቂ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ከመጣ ላይቀር ሦስት ነገር አንሺለት። አንገቷ ከውስጥ ያማት እንደሆነ ይይላት፤ ከላይ የዳነ የሽቦ ቁስል ሥሩ ሊያም ይችላል፣ የሚያመው ውሻ ደግሞ ቶሎ ይነክሳል። የትል መድኃኒት ይስጣት። ስለ ማምከንም ተነጋገሩ፤ ካልመከነች አንድ ቀን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል፣ ካረገዘች በሁለት ወር ገደማ ቡችላ በቡችላ ትሆናላችሁ። ፍርሃቷ እጅግ ከበዛ የሚያረጋጋ መድኃኒት ስላለም አማክሪው። ከሰው መድኃኒት ግን ምንም እንዳትሰጫት፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ናቸው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። የጻፍሽልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚያ ዘመን በአገራችን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከእንስሳ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ ነበር፤ ቀን በቀን ሆድ ላይ ይወጋል። ያን መርፌ በልጅነቱ የተወጋ ሰው ታሪኩን ሲያወራ እጁ ሳያውቀው ወደ ሆዱ ይሄዳል። እሑድ ጠዋት የልጁን የተቀደደ እጅጌ ሲያይ ያየው የራሱን ልጅነት ይመስለኛል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? ዳማ መጥረጊያ ስታይ የምትሆነውን ሆኗል። በአንድ ግቢ ውስጥ እርስ በርስ የሚፈራሩ ሁለት ፍጥረታት አሉሽ ማለት ነው፤ ለሁለቱም የሚያስፈልገው ነገር ያንኑ ያህል ይመሳሰላል።

ስለዚህ «ወንድ ሆነህ ውሻ ትፈራለህ?» የምትል ቃል ከማንም አፍ እንዳትወጣ። እጁን ይዘሽ «ና ንካት፣ ምንም አትልህም» እንዳትዪውም፤ ወንድምሽ በዳማ ላይ ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው። አንድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ውሻዋ ትቆይ ትሂድ የሚለውን ሳታነሺ፣ ያኔ ምን እንደሆነ ጠይቂው። ማን ይዞት ሄደ? ስንት ቀን ፈራ? ይህን ታሪክ ሙሉውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ሳትከራከሪ አድምጪው። ከዚያ በኋላ ነው የምታቀርቢለት ሐሳብ ጆሮ የሚያገኘው።

ሐሳቡም ይህ ይሁን። ውሻዋና ልጁ የሚለያዩበት አጥር ዛሬ ነገ ሳይባል ይሠራ። ከሮቶው ጀርባ ያለውን ቦታ በአጣናና በሽቦ ከልላችሁ መዝጊያ አብጁለት፤ የሰፈር አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ውስጡ ዝናብ የማያስገባ መጠለያ፣ ውሃና አሮጌ ብርድ ልብስ ይግባ። ልጁ ከአጥሩ ወዲያ አያልፍም። ኳስ ከገባችበት አዋቂ ይጠራል፤ ትርፍ ኳስ ብትገዙለት ደግሞ ከብዙ ነገር ትድናላችሁ። እየበላች፣ እየተኛች ወይም ተደብቃ ያለችን ውሻ ማንም አይጠጋም። ልጁ ይህን በደንብ ቢይዝም እንኳ ሁለቱን ብቻቸውን ለአንዲት ደቂቃ እንዳትተያቸው። የሰባት ዓመት ልጅ የነገርሽውን የሚረሳው ወዶ አይደለም፤ ኳሷ ስትንከባለል እግሩ አብሮ ይሄዳል።

ልጁ ራሱን እንደ ጥፋተኛ እንዳያይም አደራ። «አንተ ጥፋት የለብህም፣ እሷም ክፉ አይደለችም፤ በጣም ስለፈራች ነው፤ እስክትረጋጋ ቤቷን ለይተን ሠራንላት» ብትዪው ይገባዋል። ሥራም ስጪው፤ የውሃ ጎድጓዳዋን ሞልቶ ለአንቺ ማቀበል የእሱ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለዚያች ቅዳሜ ማንሳት አለብኝ። ወንድምሽ ይዞ ሲደባብሳት ዝም ማለቷን፣ አንቺም ስትነኪያት ድርቅ ብላ መቀመጧን መልመድ አድርገሽ ወስደሽዋል። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን አንድ ጭካኔ ያለበት ሙከራ አሳትመዋል። ማምለጫ በሌለበት ኤሌክትሪክ እንዲነዝራቸው የተደረጉ ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ሲገቡ አብዛኞቹ አልዘለሉም፤ ተኝተው እያላዘኑ ንዝረቱን ተቀበሉት። ምንም ብናደርግ አይለወጥም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ዝም ያለ ውሻ ናቸው። የዳማ ዝምታም ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። የቅዳሜው ፍርሃት ሌሊቱን ከሰውነቷ አልወጣም፤ እሑድ ጠዋት ልጅሽ መውጫዋን ዘግቶ ሲያጎነብስባት የቀራት ጥርሷ ብቻ ነበር። የእሑዱ ነገር የመጣው ከቅዳሜው ነው። ወንድምሽን አትውቀሺው፣ ለበጎ አስቦ ያደረገው ነው፤ ዳግመኛ እንዳያደርገው ግን ንገሪው።

ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፣ ሳይርባት አፍንጫዋን ትልሳለች፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ታዛጋለች፣ የዓይኗ ነጭ በጎን ብልጭ ይላል፣ ጭራዋን ሸጉጣ ሰውነቷ ይገተራል። ቀጥሎ ታጉረመርማለች። ይህን ስታዪ ምንም ሳትናገሪ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂላት። ስላጉረመረመች የሚቆጣት ሰው ካለም አስቁሚው። በማጉረምረሟ የተመታች ውሻ ፍርሃቱ አይለቃትም፤ ማስጠንቀቋን ትታ በቀጥታ መንከስን ትማራለች።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? ከነገ ጀምሮ ወደ ተደበቀችበት መግባትሽን ተዪ። እጅሽን አትዘርጊላት፣ አትጥሪያት፣ ዓይን ዓይኗን አትዪያት። ከአጥሩ ውጭ፣ አንቺን እያየች ሳትገተር መተኛት ከምትችልበት ርቀት ላይ ዝቅ ያለች ዱካ አስቀምጪና ጎንሽን ሰጥተሻት ተቀመጪ። ሽንኩርት ትልጪ፣ ምስር ትልቀሚ፣ ስልክሽን ታዪ፤ ሥራ ያለው ሰው ውሻን ያሳርፋል። የተቀቀለ ሥጋ የባቄላ ፍሬ እያሳከልሽ ቆርጠሽ ያዢ። አልፎ አልፎ አንዷን ወርውሪላት፣ ግን ወደ አንቺ አቅጣጫ አይሁን፤ ከጀርባዋ ትውደቅ። ይህ ሲያዩት የሚሠራ አይመስልም፣ ነገር ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሥጋውን ለማግኘት ወደሚያስፈራት ሰው መጠጋት ካለባት ልቧ ሁለት ይሆናል፤ ሆዷ ወደፊት እየሳባት እግሯ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ሥጋው ከኋላዋ ሲወድቅ ግን አንቺ ካለሽ ጥሩ ነገር ይመጣል፣ ርቀቱም ይጨምራል። በዚህ መልክ ከቆየሽ አንድ ቀን በልታ ስታበቃ ዘወር ብላ ታይሻለች። ያን ጊዜም አትንኪያት፤ አንዷን ጣዪላትና ተነስተሽ ግቢ። አጭር ይሁን፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት።

ሰዓቱ ለምን እኩል ይሆናል ብትዪ፣ ለፈራ ፍጥረት ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ እረፍት ነው። ምግቧም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቦታ ይምጣ። ስትመጪ ከሩቅ አንድ ዓይነት ቃል በዝግታ በይ፤ «ዳማዬ፣ መጣሁ» ይበቃል። ድንገት ጥግ ዞሮ ብቅ የሚል ሰው ያስበረግጋታል።

መጥረጊያውንም በዚሁ መንገድ ማስለመድ ይቻላል። ግቢው ማዶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቁም፣ ማንም አይያዘው። እሱ በታየ ቁጥር ሥጋ ይምጣ፣ መጥረጊያው ሲገባ ሥጋውም ያብቃ። ከብዙ ቀን በኋላ ትንሽ ይጠጋ፣ ከዚያ አንቺ ሳትጠርጊበት ያዢው። ሽንቷ ካመለጣት ወይም መብላት ካቆመች ቸኩለሻል ማለት ነውና ወደ ነበርሽበት ርቀት ተመለሺ። እስከዚያው እሷ በምታይበት ግቢ አትጥረጊ። ባለቤትሽም ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ፣ ከሥራ ሲመጣ ሳያያትና ሳይቆም እያለፈ አንዲት ቁራጭ በአጥሩ ላይ ወርውሮ ይግባ። ከዚህ በላይ አትጠይቂው።

አማትሽን በተመለከተ፣ ምክራቸው ከብዙ ዘመን ልማድ የመጣ ስለሆነ በማክበር መልሺላቸው። ሰንሰለቱ ግን አይሆንም። ውሻ ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው መሸሽ ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ በራችሁን የሚያንኳኳው ሰው ሁሉ ለዳማ ወጥመድ ውስጥ እንዳለች የሚመጣባት ጠላት ይሆናል፣ ያኔ ንክሻው ሹራብ ላይ አይቆምም። አንገቷም በሽቦ የቆሰለ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አማትሽ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ዳማ የት ትሆናለች? ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ እጃቸውን የማያወናጭፉ፣ ድምፃቸው የማይለዋወጥ አረጋውያንን የፈሩ ውሾች ቀድመው ሲለምዱ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከሮቶው ወጥታ አንገቷን የምታሰግግ ከሆነ ለእማማ ንገሪያቸው። ቢያጉረመርሙም ደስ ይላቸዋል።

ስለ ምግቧ ባጭሩ። የተረፈ ወጥ የምትሰጫት ከሆነ አቁሚ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሩዝ ወይም ቅንጬ ያለ ጨውና በርበሬ ቀቅለሽ ልፋጭ ጨምሪበት። ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥም፤ በውስጡ ያለው የትል እጭ በውሻ አድርጎ ወደ ሰው ይመለሳል። በደንብ ቀቅይው። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና ይቅር።

ክረምቱ እየገባ ነው፤ ነጎድጓዱ ሳይጀምር መጠለያዋን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኚላት። በመስከረም ርችት፣ በበዓል ደግሞ እርድ፣ ቢላና እንግዳ ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ምንም ልምምድ የለም፤ የውጩ በር መቆለፉን ብቻ አረጋግጪ፣ በድንጋጤ ያመለጠች ውሻ ተመልሳ ላትገኝ ትችላለች። ነጎድጓድ ሲሆን ወደ አንቺ ከመጣች አባብያት። ማባበል ፍርሃትን ያስለምዳል የሚባለው እውነት አይደለም።

አሁን ለመጨረሻው ጥያቄሽ። ልመልሳት ወይስ ላቆያት? እኔ ብሆን ዛሬ አልወስንም። ባለቤትሽን «ለዘላለም ትቆይ» ብለሽ ብትጠይቂው እምቢ ይላል፣ እውነት አለው። አጥሩ ተሠርቶ፣ ክትባቱ ተወስዶ፣ ሁለት ወር ብቻ ስጠኝ በዪው፤ ቀኑን በካላንደር ላይ አብራችሁ ምልክት አድርጉበት። በዚያ መሀል ጥርሷ ወደ ልጁ ዳግመኛ ከሄደ ወይም አጥሩን ከዘለለች ቀኑን ሳትጠብቁ ወደ ሌላ ቦታ ትሂድ። ይህን አስቀድመሽ ከራስሽ አፍ ቢሰማ ልጁን ከውሻዋ እንደምታስበልጪ ያውቃል። ምናልባት የሚፈልገውም ይህን መስማት ይሆናል።

ሁለት ወሩ ሲያልቅ ከሰው ፊት መብላት ከጀመረች፣ መጥረጊያ አይታ መተኛት ከቻለች፣ ባለቤትሽም እንቅልፉን ከተኛ ማቆየቱ የሚታሰብ ነው። ካልሆነ ግን ስትሰጫት ከዳኋት አትበዪ። የተቀበልሻት ቋሚ ሰው እስኪገኝላት ነበር፤ አደራውን ተወጥተሻል። ትንሽ ልጅ የሌለበት፣ አጥሩ የጠበቀ ግቢ፣ ቢቻል የተረጋጋ ሌላ ውሻ ያለበት ቤት ይሻላታል፤ የፈራ ውሻ ከሰው ይልቅ ውሻን አይቶ ቶሎ ይማራል። የሚወስዳትን ሰው መጥረጊያውን፣ እጅጌውን፣ የምትበላበትን ሰዓት ሳትደብቂ ንገሪው፤ «ጥሩ ውሻ ናት» ብቻ ብለሽ ብትሰጫት በሳምንቱ መንገድ ላይ ትገኛለች። ያመጣት ወጣትም ብቻውን እንዳይቀር ፎቶዋን አንሺና በሁለታችሁም በኩል ሰው ይፈለግ። እንዲህ ዓይነት ወጣቶች ከኪሳቸው እያወጡ የሚሠሩትን ሥራ የሚያመሰግን ሰው ጥቂት ነው። የሁለት ወሩን ቀን ለእሱም ንገሪው፤ በድንገት «ና ውሰዳት» ከምትዪው ይሻላል።

ስለ መከፋትሽም አንድ ነገር ልበል። ቡችላ ሰውን የሚላመደው በአብዛኛው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ዳማ በእነዚያ ሳምንታት ከሰው ያገኘችው ምን እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም፤ የሽቦውን ምልክት ግን በእጅሽ ነክተሽዋል። ምናልባት እንግዳ ላይ የምትዘል፣ እግር ሥር የምትተኛ ውሻ አትሆን ይሆናል። ስትሸሽሽ ግን የምትሸሸው አንቺን ብቻ አይመስለኝም፤ ከአንቺ በፊት የነበረውን እጅ ነው። አንቺ ቤት ከገባች ወዲህ ማንም አልመታትም፣ ሳትበላም አላደረችም፤ ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

ይህን ሳምንት ሐኪሙንና አናጢውን ጥሪ። ዱካዋን ማውጣት የምትጀምሪው ከዚያ በኋላ ይሁን። ወር ሲሞላሽ ጻፊልኝ፤ በተለይ ባለቤትሽ ስለ ልጅነቱ የነገረሽን ብትፈቅጂና እሱም ቢፈቅድ፣ ዳማም አማትሽ ፀሐይ ሲሞቁ የት እንደምትሆን አይተሽ ንገሪኝ። ከዚያ ተነስተን ቀጣዩን እንመካከራለን።